የቤት ቧንቧ ጥገና፦ ከግድግዳው ውጭ ያለውን ራሳችሁ ሥሩት

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ብዙ ጊዜም የሚመጣው ሌሊት ነው። በሰከንድ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧ ደግሞ በ24 ሰዓት ወደ 20 ሊትር ያፈሳል። አንድ ቢጫ ጀሪካን መሆኑ ነው። ሰው በየቀኑ ከሮቷችሁ አንድ ጀሪካን እየቀዳ ቢሄድ ዝም አትሉም። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ግን ለወራት ዝም እንለዋለን።

ዝም የምንለው ወደን አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛ ለትንሽ ሥራ ቶሎ አይገኝም። ተገኝቶም ለአንዲት ጎሚኒ (ውሃውን ለምትይዘው ትንሽ ጎማ) የሚጠየቀው የእጅ ዋጋ ከጎሚኒዋ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ “ሌላ ነገር ሲበላሽ አብሮ ይሠራል” ተብሎ ይተዋል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ከሚያጋጥሙን የውሃ ብልሽቶች አብዛኞቹ ከግድግዳው ውጭ ያሉ ናቸው። ያረጀ ጎሚኒ፣ የዛገ ፍሌክሲብል ቱቦ፣ የተደፈነ የሲንክ ሲፎን፣ የማይዘጋ የሽንት ቤት ፍላሽ። እነዚህን ተረጋግቶ በቅደም ተከተል የሚሠራ ማንኛውም ሰው ሊጠግናቸው ይችላል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ግን ለባለሙያ ተዉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ መስመር ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ መዝጊያውን እወቁ

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። አሁን ውሃ ቢፈነዳ የት ሄዳችሁ ነው የምትዘጉት? መልሱን የማያውቅ ሰው ምንም ነገር መፍታት የለበትም። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆቹና የምታግዛችሁም ልጅ ጭምር፣ መዝጊያው የት እንዳለ ማወቅ አለባቸው። ውሃው የሚፈነዳው እናንተ ቤት ያላችሁ ቀን ብቻ አይደለም።

ሦስት ዓይነት መዝጊያ አለ። ከእጅ መታጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱ ሲንክና ከሽንት ቤቱ ፍላሽ አጠገብ ያሉት ትንንሾቹ አንግል ቫልቮች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ ብቻ ይዘጋል። ሁለተኛው የቤቱ ሁሉ መዝጊያ ነው። ብዙ ጊዜ መታጠቢያ ቤት በር አካባቢ ወይም ቆጣሪው አጠገብ ይገኛል። ሦስተኛውን ነው ሰው የሚረሳው፤ የሮቶው መዝጊያ። ሮቶ ያለበት ቤት ውሃ የሚያገኘው ከሁለት አቅጣጫ ነው። ከመንገድ የሚመጣውን ብትዘጉ ከጣሪያው የሚወርደው አይቆምም። “ዘግቼው እኮ ነው!” እየተባለ ወለሉ የሚጥለቀለቀው በዚህ ነው።

ዛሬውኑ ሂዱና ሞክሩት። ዋናውን ዝጉ። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ ክፈቱ። ውሃው ቀጥኖ ቀጥኖ ከቆመ መዝጊያው ይሠራል። ካልቆመ ወይ መዝጊያው አልቋል፣ ወይ ሌላ መስመር አለ። ለዓመታት ያልተነካ ጌት ቫልቭ (ብዙ ዙር እየዞረ የሚዘጋው መዝጊያ) በዝገትና በደለል ይነክሳል። በጉልበት አታዙሩት፤ ግንዱ ይሰበራል። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያላችሁ አለማምዱት። ሙሉ በሙሉ ከከፈታችሁት በኋላ ደግሞ ሩብ ዙር ያህል መልሱት። እዚያው ላይ ነክሶ እንዳይቀር ይረዳል።

የምታዩትና የማታዩት ፍሳሽ

ጠብ የሚለውን ዓይን ያየዋል፣ ጆሮም ይሰማዋል። የማይታየውን ለማግኘት ቆጣሪውን ጠይቁ። ውሃ ባለበት ሰዓት የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። ሮቶው ሞልቶ መቆሙንም አረጋግጡ። ከዚያ የቆጣሪውን ክዳን ከፍታችሁ ቁጥሮቹ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ባለ ጥርስ ወይም ባለ ሦስት ማዕዘን መዘውር እዩ። ማንም ውሃ ሳይጠቀም እሷ የምትዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው።

አሁን የሽንት ቤቱን ፍላሽ አንግል ቫልቭ ዝጉና መዘውሯን እንደገና እዩ። ከቆመች ጥፋቱ እዚያ ነው። ካልቆመች ዋናውን የቤት መዝጊያ ዝጉ። አሁንም ከዞረች ፍሳሹ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው መሬት ውስጥ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የእናንተ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሰው ጥሩ።

ቆጣሪውን ራሱን እንዳትነኩት። ማኅተሙን መፍታትም ሆነ ከቆጣሪው ወደ መንገድ ያለውን መስመር መንካት የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ የጥሪ ማዕከሉ ቁጥር 906 ነው። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው ነው የእናንተ ኃላፊነት።

ምን ይዛችሁ ትጀምራላችሁ?

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ሁለት፣ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴፍሎን (መጋጠሚያ ላይ የሚጠቀለለው ቀጭን ጥብጣብ)፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጫጭን ቁልፎች፣ ባልዲ፣ ሳፋና አሮጌ ጨርቅ። ስልካችሁንም አትርሱ፤ ከመፍታታችሁ በፊትና በየደረጃው ፎቶ አንሱበት።

መፍቻው ሁለት የሆነው በምክንያት ነው። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። በአንድ መፍቻ ብቻ ስትታገሉ ኃይሉ የሚሄደው እናንተ ወደምትፈልጉት ጥርስ (እንደ ብሎን ወደሚጠቀለለው ክፍል) አይደለም። ግድግዳው ውስጥ ወዳለው መጋጠሚያ ነው። በተለይ የድሮ ቤት የብረት ቧንቧ ከሆነ ውስጡ በዝገት ሳስቷል። አንዱን ስትፈቱ ሌላው ይሰበራል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ግድግዳ ወደ ማፍረስ የሚዞረው እንደዚህ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ግድግዳው በኩል ያለውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ የውጭውን አዙሩ።

ዕቃ ስትገዙ ደግሞ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። “የእጅ መታጠቢያ ጎሚኒ” ብላችሁ ብትጠይቁ ሻጩ አምስት ዓይነት ያወጣል። የቤት ቧንቧ ጥርስ በአብዛኛው ግማሽ ኢንች ነው። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ በውጭ በኩል 20 ሚሊ ሜትር የሚለው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ግን በቃል አትመኑ፤ አጠገቡ አድርጋችሁ አስተያዩት።

የሚንጠባጠበው ቧንቧ

ይህን ሥራ በደንብ የተማረ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ።

ብዙ ዙር እያዞራችሁ የምትከፍቱት የድሮው ዓይነት ቧንቧ ውስጡ ቀላል ነው። ግንዱ ሲወርድ ጫፉ ላይ ያለችው ጎሚኒ የውሃውን ቀዳዳ ትደፍናለች። ያ ቀዳዳ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው። ጎሚኒዋ በዓመታት ውስጥ በዚያ ከንፈር እየተጫነች ክብ ቦይ ይወጣባታል፣ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ሰው ያን ጊዜ የበለጠ አጥብቆ መዝጋት ይጀምራል። ባጠበቀ ቁጥር ይብሳል። ቧንቧችሁን ለመዝጋት ጉልበት ማውጣት ከጀመራችሁ ጎሚኒዋ አልቃለች።

ውሃውን ዝጉ። ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን አፍስሱ። የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑት፤ ትንሿ ብሎን እዚያ ውስጥ ከገባች ሌላ ሥራ ይሆንባችኋል። ከዚያ በመክፈቻው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሥሯ ያለችውን ብሎን ፍቱና መክፈቻውን ወደ ላይ ሳቡት። እንቢ ካለ አትደብድቡት። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ትንሽ ቆዩና እንደገና ሞክሩ።

አሁን ባለ ስድስት ማዕዘኑ ትልቅ ፍሬ ይታያችኋል። ኒኬሉ እንዳይጫር በጨርቅ ሸፍኑት። በአንድ እጃችሁ የቧንቧውን አካል ያዙ፣ በሌላው ፍሬውን ወደ ግራ ፍቱት። ግንዱ ተጠቅልሎ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያለችውን ጎሚኒ እዩዋት። ቦይ የወጣባት፣ የጠነከረች፣ አንዳንዴም ግማሿ ተበልቶ የቀረች ናት። በብሎን የተያዘች ከሆነ ፍቱ፤ ዝም ብላ የተሰካች ከሆነ በካቻቢቴ አውጧት።

አዲሷን ከማስገባታችሁ በፊት ብዙ ሰው የሚዘለውን አንድ ነገር አድርጉ። ጣታችሁን ወደ ቧንቧው ውስጥ አስገቡና ያንን ከንፈር ዙሪያውን ዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ ደግ ነው። ጎርበጥ ካለ ወይም የተበላ ቦታ ካገኛችሁ፣ አዲሷም ጎሚኒ በወራት ውስጥ እዚያው ላይ ትቆረጣለች። በየሦስት ወሩ ጎሚኒ የሚቀየርለት ቧንቧ የሚባለው ይህ ነው። ያን ጊዜ ቧንቧውን እንዳለ መቀየር ይሻላል። ዋጋው ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ትገላገላላችሁ።

ስትመልሱት ግንዱን በግማሽ ከፍታችሁ ግጠሙት። የተዘጋ ግንድ ስትገጥሙ አዲሷን ጎሚኒ ገና ከመጀመሪያው ከንፈሩ ላይ ትጨፈልቋታላችሁ። ፍሬውን አጥብቁ፣ መክፈቻውን መልሱ። ዋናውን መዝጊያ ስትከፍቱ ደግሞ ቧንቧው ክፍት ይሁን፣ አከፋፈታችሁም የዝግታ። አየሩ እያፏጨ ይወጣል፣ የደፈረሰ ውሃ ይከተላል፣ ከዚያ ይጠራል። አሁን ዝጉ።

ሙቅና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር የተለየ ነው። ውስጡ ካርትሪጅ፣ ማለትም ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል፣ አለ። በእጀታው ሥር ወይም ጀርባ፣ ቀይና ሰማያዊ ምልክት ያለባትን ትንሽ ክዳን አንሱ፤ ቀዳዳው ውስጥ በባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚፈታ ቀጭን ብሎን ታገኛላችሁ። እጀታው ይነሳል፣ ክቡ ክዳን ይፈታል፣ ከሥሩ ካርትሪጁን የሚይዘው ቀለበት ይወጣል። ካርትሪጁን ወደ ላይ ሳቡትና ይዛችሁት ሱቅ ሂዱ። ብዙዎቹ 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ናቸው። የአምስት ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይለይምና መለካት ግድ ነው። አዲሱን ስታስገቡ ታች ያሉትን ሁለት ጥርሶች ከቀዳዳዎቻቸው ጋር አስተካክሉ። ሳይገጥም ካጠበቃችሁት ውሃው በሥሩ ይወጣል።

ውሃው ከመንጠባጠብ ይልቅ የቀጠነባችሁ ከሆነ ግን ምንም አትፍቱ። መጀመሪያ አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት እዩ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደለልና የዝገት ቅንጣት ይዞ ይመጣል፤ የሚያርፈውም እዚያ ነው። በእጃችሁ ወደ ግራ ፍቷት፣ አራግፏት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቦርሹና አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፏት። የሻወሩንም ራስ እንዲሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ “ቧንቧው ተበላሽቷል” ተብሎ የሚቀየረው ብዙው ቧንቧ ወንፊቱ የተደፈነ ብቻ ነው።

ቴፍሎን የት ይገባል?

ቴፍሎን የሁሉ መድኃኒት አይደለም። የሚገባው ጥርስ በጥርስ ላይ ሲገጥምና መካከላቸው ጎሚኒ ሳይኖር ነው፤ ቧንቧው ወደ ግድግዳ ሲገባ ወይም አንግል ቫልቭ ሲገጠም ማለት ነው። ጎሚኒ ባለበት ቦታ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው ነው። እዚያ ላይ ቴፍሎን ብትጠቀልሉ ጎሚኒው በደንብ እንዳይቀመጥ ትከለክሉታላችሁ።

አጠቃለሉ እንዲህ ነው። የድሮውን ጥራጊ ከጥርሱ ላይ ሙልጭ አድርጋችሁ አጽዱ። የጥርሱን አፍ ወደ እናንተ አዙሩ። ጫፍ ያለችውን የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ተዉና ቴፍሎኑን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ሳብ እያደረጋችሁ ጠቅልሉ። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ስታጠብቁ እየተተረተረ ይወጣል። ለግማሽ ኢንች ጥርስ ቀጭኑ ቴፍሎን ከ10 እስከ 15 ዙር ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሎ መተው የብዙ ፍሳሽ መነሻ ነው። አጥብቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ “ትንሽ ጠመመ” ብላችሁ ወደ ኋላ አትመልሱት። ከመለሳችሁት ፍቱት፣ አጽዱና እንደገና ጠቅልሉ።

ፍሌክሲብሉን አትናቁት

ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ እኔን የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ፍሌክሲብል ቀንና ሌሊት ግፊት ተሸክሞ የሚውል የጎማ ቱቦ ነው፤ ከላዩ የምታዩት የሽቦ ጥልፍ ነው እንዳይፈነዳ የያዘው። ጥልፉ ሲዝግና ክሮቹ አንድ በአንድ ሲበጠሱ ጎማው ያብጣል። አንድ ሌሊት ግፊቱ ሲጨምር ይተረተራል። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ጀሪካን ነው የሚጠፋው። ፍሌክሲብል ሲፈነዳ ግን የታች ቤት ሰው ኮርኒስ ነው የሚወርደው።

ስለዚህ ባትሪ ይዛችሁ ከሲንኩ ሥር ግቡ። ዝገት፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ ያበጠ ወይም የታጠፈ ቦታ ካያችሁ እስኪፈስ አትጠብቁ፤ ቀይሩት። አንግል ቫልቩን ዝጉ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጡ፣ ከሥር ባልዲ አኑሩ። አዲሱ እንዳይወጠርም እንዳይታጠፍም ርዝመቱን ለኩ። ሲገጠም መጀመሪያ በእጅ እስከቻላችሁት አጥብቁ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። በእጅ ስትጀምሩ ጥርሱ ካንገራገረ አቁሙ፤ ተጣሞ ገብቷል። አውጡና እንደገና አስተካክላችሁ ጀምሩ።

የሽንት ቤቱ ፍላሽ ሲያለቅስ

ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ከሽንት ቤቱ የሚሰማው ሽሽሽታ በሁለት ምክንያት ነው የሚመጣው። ወይ የመሙያው ቫልቭ መዝጋት አቅቶታል፣ ወይ ከታች ያለው የማፍሰሻ ጎማ ያሳልፋል። ሰው ሳይለየው ሁለቱንም ገዝቶ ይመለሳል።

ለመለየት ክዳኑን አንሱ። ክዳኑ ሸክላ ነውና ወለል ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። ውሃው ሞልቶ በትርፍ ማውረጃው ቱቦ አናት እየገባ ከሆነ ጥፋቱ የመሙያው ነው። ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርጉት፤ ውሃው ከቱቦው አፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ዝቅ አድርጋችሁትም ካልዘጋ ውስጡ ደለል ገብቶበታል። አንግል ቫልቩን ዘግታችሁ፣ የመሙያውን ራስ ፍቱና ትንሿን ጎሚኒ እጠቧት።

ውሃው እስከ ቱቦው ካልደረሰ ደግሞ አንግል ቫልቩን ዝጉና የውሃው ወለል ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ተመለሱ። ውሃው ከምልክቱ ከወረደ የማፍሰሻው ጎማ ያሳልፋል። ወይም ትንሽ የቀይ ሥር ጭማቂ እዚያ ውስጥ ጨምሩ፤ ሳትለቁት ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከታየ መልሱ ያው ነው። ጎማውን አውጥታችሁ የተጋገረበትን አተላ እጠቡ፣ የሚቀመጥበትንም ክብ በጨርቅ አጽዱ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል። ጎማው ከተጠማዘዘ ወይም ከደረቀ ግን ሌላ መፍትሔ የለውም፤ ቀይሩት።

የማይወርደው ውሃ

ሲንካችን የሚደፈነው በምንበላው ነገር ነው። የእንጀራ ሊጥ እጣቢ፣ የወጥ ቅባት፣ የቡና አተላ። ቅባቱ ቱቦው ላይ ይረጋል፣ ሊጡ ይጣበቅበታል፣ አተላው ይሞላዋል። አተላውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወይም አትክልት ሥር ድፉት። ቅባት ያለበትን ድስት ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉት። በዚህ ብቻ ብዙ ችግር ይወገዳል።

ከተደፈነ መጀመሪያ ሲፎኑን ፍቱ። ሲፎን ከሲንኩ ሥር ያለው የታጠፈው ወይም ጠርሙስ የሚመስለው ክፍል ነው። ውስጡ ሁልጊዜ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ያ ውሃ ነው የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይወጣ የሚከለክለው። ባልዲ አኑሩ፣ ሁለቱን ትልልቅ የፕላስቲክ ፍሬዎች በእጅ ወደ ግራ ፍቱ። በመፍቻ አትጀምሩ፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። የጎሚኒዎቹን ቅደም ተከተልና አቅጣጫ በፎቶ ያዙ። አጥባችሁ መልሱ፣ በእጅ ብቻ አጥብቁ፣ ከዚያ ሲንኩን ሞልታችሁ በአንድ ጊዜ ልቀቁት። መጋጠሚያው የሚፈተነው በሙሉ ውሃ ነው።

ሲፎኑ ንጹህ ሆኖ ውሃው አሁንም ካልወረደ እጀታ ያለውን የጎማ መግፊያ ተጠቀሙ። ሲንኩ ላይ ከፍ ብላ ያለችውን የትርፍ ውሃ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፤ አለበለዚያ ግፊቱ በእሷ ይወጣል። ጎማው በውሃ እስኪሸፈን ሙሉና ከ15 እስከ 20 ጊዜ ሳታነሱ ግፉ፣ ሳቡ።

ስለ ኬሚካል ያለኝ አቋም ጠንካራ ነው። የቱቦ መክፈቻ ዱቄትና አሲድ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ያቃጥላል። በረኪና ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ጠባብና መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ሰው ሊገድል ይችላል። አቼቶም አሲድ ነው፤ በረኪና ካፈሰሳችሁበት ቦታ አታድርሱት። ኬሚካል ጨምራችሁ ካልከፈተ ደግሞ ለምትጠሩት ሠራተኛ ቀድማችሁ ንገሩት። ሲፎኑን የሚፈታው ፊቱን ከሥሩ አድርጎ ነው።

አንድ ምልክት ልብ በሉ። ሽንት ቤቱን ስትለቁት የሻወሩ ወለል ውሃ የሚተፋ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ ከተዘጋ፣ ችግሩ የእናንተ ሲፎን አይደለም። ዋናው መውረጃ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያ ቱቦ የጋራ ነው፤ ለማኅበሩ ንገሩ። መታጠቢያ ቤቱ ምንም ሳይዘጋ የሚሸት ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙ የማትጠቀሙበት የወለል ሲፎን ደርቆ ይሆናል። አንድ ጆግ ውሃ ድፉበትና እዩት።

ቦይለርና ግድግዳ

ቦይለር ላይ የምትነኩት ነገር ካለ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። መብራቱ ጠፋ ብላችሁ አትመኑ። 220 ቮልትና እርጥብ ወለል ሁለተኛ ዕድል አይሰጡም። የቀዝቃዛው ውሃ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቷ ብልሽት አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ትርፉን የምታስወጣው እሷ ናት። ጠብታው አስጠልቷቸው የሚደፍኗት አሉ። ይህ ቦይለሩን እንዲፈነዳ ማድረግ ነው፤ በፍጹም እንዳታደርጉት። ውሃ ጠፍቶ ከሰነበተ ደግሞ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱና አየር ሳይቀላቀል ወጥ ሆኖ መውረዱን ሳታዩ አታብሩት። ባዶ ቦይለር ማሞቂያውን ያቃጥላል።

ግድግዳው ውስጥ ያለው ፒፒአር የሚያያዘው በሙቀት ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ 20 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ቀልጦ ወዲያው ይገጠማል። ብዙ ከቆየ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል፣ ካነሰ ይለቃል። በማጣበቂያ አይያያዝም። ይህን ለሚያውቀው ስጡት።

ሌሊቱን ጠብቁ

ውሃ የጠፋበት ቀን ለጥገና ምቹ ይመስላል። ለመፍታት ምቹ ነው፣ ለመፈተሽ ግን አይደለም። ከሮቶ የሚወርደው ግፊት ትንሽ ነው፤ ሮቶው ከቧንቧው አሥር ሜትር ከፍ ካለ አንድ ባር ያህል ነው። ቀጥታ ከመስመሩ የሚመጣው፣ በተለይ ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ሲተኛ፣ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ቀን ደረቅ የነበረ መጋጠሚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊያለቅስ ይችላል።

ስለዚህ ጨርሳችሁ በደረቅ ጨርቅ ሁሉንም መጋጠሚያ ጥረጉ። ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፉ። ከዚያ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሶፍት ዳብሱት፤ እጅ የማያውቀውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። ውሃው በፈረቃው ሲመጣ ቤት ሁኑ። ጠዋት ጋዜጣው ላይ የጠብታ ምልክት ካለ የት ላይ እንዳረፈ አይታችሁ በላዩ ያለውን መጋጠሚያ ትንሽ ብቻ አጥብቁ። ካልቆመ ፈትታችሁ ድገሙት።

ውሃ ጠፍቶ እያለ ከቤት ስትወጡ ደግሞ ሁሉም ቧንቧ መዘጋቱን አረጋግጡ። ውሃ መጣ አልመጣ ብሎ ከፍቶ ትቶ የሄደ ሰው የስንት ጎረቤት ቤት አበላሽቷል።

ቧንቧ ሠራተኛ ስትጠሩ

ምን እንደተበላሸ ካወቃችሁ ስትጠሩም ታተርፋላችሁ። “ውሃ ይፈሳል” ከማለት “ዋናውን ስዘጋ ቆጣሪው ይዞራል” ስትሉት የሚመጣው ተዘጋጅቶ ነው። የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለይቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ግዢ ናሙና ይሆናችኋል። ግድግዳ ከፍቶ ከሠራ በሲሚንቶ ከመድፈኑ በፊት ውሃው ተከፍቶ በግፊት ይፈተሽ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ቱቦዎቹ የሚሄዱበትን መስመር ደግሞ ሜትር አጠገባቸው ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ነገ መስታወት ወይም መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳውን ስትበሱ የት እንደማትነኩ በዚያ ታውቃላችሁ።